ዱቄት በረዶ ፍለጋ

ከዩታ ሸለቆ እስከ ሆካይዶ ደን፣ ከአልፕስ ገደል እስከ አላስካ ጫፍ፦ ከዳኛ የሸሹት የፍሪስኪ ሰዎች የበረዶውን ወራት ሙሉ የሚታዘዙት ለማን ነው?

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ በሊትል ካተንውድ ሸለቆ አናት ላይ አልታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከባድ በረዶ አድሮ የናዳ ስጋት ሲያይል በአልታ አንድ ትእዛዝ ይወጣል፦ ማንም ሰው ከቤት እንዳይወጣ። ትእዛዙ ኢንተርሎጅ ይባላል። መኪና ውስጥ የተረሳ ጓንት ለማምጣት መውጣት አይቻልም፤ በረንዳ ላይ ቆሞ ሲጋራ ማጨስም አይቻልም። የጣሰ በሕግ ይጠየቃል። ከሶልት ሌክ ሲቲ የሚያመጣው ብቸኛ የመኪና መንገድም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 እገዳው ከሁለት ቀን በላይ ቆይቷል።

እንግዶቹ ግን አይከፋቸውም። አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ውድ ክፍል ተከራይተው የመጡት ለዚሁ ቀን ነው። ጎህ ሲቀድ ቡናቸውን ይዘው በየመስኮቱ ይቆማሉ። ከሸለቆው ግራና ቀኝ የፍንዳታ ድምፅ ያስተጋባል፤ የተራራው ጥበቃ ሠራተኞች ሰው ሳይገባበት በፊት ናዳውን በፈንጂ እያወረዱት ነው። አልታ በ1870ዎቹና በ80ዎቹ የብር ማዕድን ከተማ በነበረችበት ዘመን የበረዶ ናዳ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ቀብሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞንቲ አትዋተር የተባለ የደን አገልግሎት ሠራተኛ እዚሁ ተቀምጦ የናዳን ጠባይ ማጥናት ጀመረ። በ1940ዎቹ መጨረሻም የጦር ሜዳ መድፍ ወደ ተራራው ተመልሶ መተኮስ ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የናዳ መከላከል ሙያ ሥሩ ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ሸለቆ ይመዘዛል።

በ2022–23 የበረዶ ወቅት አልታ ላይ የወረደው በረዶ 903 ኢንች ተለካ። ወደ 23 ሜትር ይጠጋል፤ ሰባት ፎቅ ማለት ነው።

መንገዱ ተከፍቶ የመጀመሪያው የሊፍት ወንበር መንቀሳቀስ ሲጀምር ሰልፉ ላይ የሚታየው ሰው በስኪው ዓለም የታወቀው በእምቢተኝነቱ ነው። ፍሪስኪ የሚባለው ባህል የተወለደው ከሰዓት መቁጠሪያ፣ ከውድድር ምሰሶና ከዳኛ ነጥብ በማምለጥ ነው። ወቅቱን ከጥቅምት እስከ ግንቦት አብሯቸው ለዘለቀ ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ከሰው ሕግ ያመለጡት እነዚህ ሰዎች የበረዶን ሕግ ከማንም በላይ ይፈራሉ፤ ነጻነታቸውም የቆመው በዚሁ ፍርሃት ላይ ነው።

ከዘጠና እጅ በላይ አየር

ዱቄት በረዶ የሚባለው ገና የወረደ፣ ደረቅና ቀላል በረዶ ነው። ደመናው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ስድስት ክንድ ያላቸው፣ ቅርንጫፋቸው የበዛ የበረዶ ክሪስታሎች በፍጥነት ያድጋሉ። ነፋስ ሳይሰብራቸው መሬት ከደረሱ ክንድ በክንድ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው አየር ነው። እንዲህ ያለ በረዶ በይዘቱ ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ አየር ነው። ወደ ዩታ የሚመጣው ማዕበል ከሰላማዊ ውቅያኖስ ተነሥቶ መጀመሪያ የካሊፎርኒያን ተራሮች ይመታና ብዙ እርጥበቱን እዚያ ያራግፋል። ከዚያ የኔቫዳን በረሃ ተሻግሮ ድንገት እንደ ግድግዳ የቆመው የዋሳች ተራራ ሰንሰለት ይገጥመዋል። አየሩ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ የቀረውን እርጥበት በደረቅ በረዶ መልክ ያራግፋል።

በዚህ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ከላዩ አይሄድም፤ ውስጡ ገብቶ ይንሳፈፋል። በረዶው ጉልበቱን አልፎ ደረቱን ይመታዋል፤ ሲብስም ፊቱ ላይ ይረጭና ለአፍታ ዓይኑንም ትንፋሹንም ይይዝበታል። ስኪ ተጫዋቾች ይህን ቅጽበት ፌስ ሾት ይሉታል፤ ቀኑን የሚመዝኑትም ስንት ጊዜ እንዲህ እንደታፈኑ በመቁጠር ነው። ደስታው ዕድሜ የለውም። ፀሐይ ያከብደዋል፣ ነፋስ ያጠነክረዋል፣ ከሁሉ በላይ ሌላ ሰው ይቀድማል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እጅ ያልነካው ተዳፋት ከቀትር በፊት ይቦጫጨቃል። የአየር ትንበያ በሌሊት እየተነሡ ማየት፣ ከሥራ «አሞኛል» ብሎ መቅረት፣ ጥሩ ቦታን ለወዳጅም ቢሆን አለመናገር፦ የዚህ ባህል ጠባዮች ሁሉ ከዚህ አጭር ዕድሜ የመጡ ናቸው።

መሣሪያውንም ቢሆን የቀየረው ዱቄቱ ነው። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ስኪ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ የተሠራው ለተደለደለ ጠንካራ በረዶ ነውና በዱቄት ውስጥ ይሰምጣል። ሼን ማኮንኪ የተባለው አሜሪካዊ ግን ዱቄት ከጠንካራ በረዶ ይልቅ ለውሃ እንደሚቀርብ አስተዋለ። በ2001 የውሃ ላይ ስኪ ገዝቶ፣ ጫማ መያዣ ገጠመበትና አላስካ ተራራ ላይ ወርዶ አሳየ። የሳቀበት ብዙ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቮላንት የተባለው ኩባንያ ስፓቱላ የሚል ስም ያለው ስኪ አወጣ፤ ወገቡ የሰፋ፣ ፊቱና ኋላው ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ከተለመደው ቅርጽ ተገላቢጦሽ የሆነ። ዛሬ ዱቄት በረዶ በሚወርድበት አገር ሁሉ የሚሸጠው ሰፊ ስኪ ከዚያ እብደት የሆነ ነገር ወርሷል።

ከዳኛ የሸሹት

የስኪ ሰው ወቅት የሚጀምረው በረዶ ሳይወርድ በፊት፣ በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዋረን ሚለር ከ1950 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ የስኪ ፊልም እየሠራ፣ ፊልሙን ተሸክሞ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ መድረክ ላይ ቆሞ በራሱ አንደበት ይተርከው ነበር። በ1988 ደግሞ ግሬግ ስተምፕ «ዘ ብሊዛርድ ኦፍ አህስ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ጸጉሩን መሃል ለመሃል አቁሞ ቀለም የነከረው ግሌን ፕሌክ ከስኮት ሽሚትና ከማይክ ሃትሩፕ ጋር የፈረንሳይዋ ሻሞኒ ገደሎች ላይ ሲወርድ ያዩ ወጣቶች የስኪ ጀግና የግድ ሜዳሊያ ያጠለቀ ሰው መሆን እንደሌለበት ገባቸው። ከዚያ በኋላ ማችስቲክ ፕሮዳክሽንስ በ1992፣ ቲተን ግራቪቲ ሪሰርች በ1995 ተመሠረቱ። ዛሬም በመስከረምና በጥቅምት አዲስ ፊልም ሲወጣ አዳራሹ በጩኸት ይሞላል፤ ዓመቱን ሙሉ ያልተገናኙ ሰዎች ይተቃቀፋሉ፣ በእጣ ስኪ ይታደላል፣ የወቅቱ ዕቅድም እዚያው ይወጠናል።

ይሁንና በ1990ዎቹ አጋማሽ ስኪ ያረጀ መስሎ ነበር። ስኖውቦርድ መጥቶ ወጣቱን ጠቅልሎ ወሰደው፤ ስኪ የወላጆች ጨዋታ ተባለ። መዝለያና የብረት ሃዲድ የተሠራላቸው መናፈሻዎች አንዳንዶቹ ስኪ የያዘ ሰው አያስገቡም ነበር። በሞገል፣ ማለትም ጉብታ በበዛበት ተዳፋት ላይ በሚደረገው ውድድር፣ በአየር ላይ ተገልብጦ መዞር በደንብ የተከለከለ ነበር። በዚህ የተሰላቹ ካናዳውያን ወጣቶች ዊስለር ውስጥ፣ በብላክኮም የበረዶ ግግር ላይ በበጋ ተሰብስበው የስኖውቦርድን ጨዋታ በስኪ መሞከር ያዙ። ማይክ ዳግላስ፣ ጄፒ ኦክሌርና ጄኤፍ ኩሶን ከመካከላቸው ነበሩ፤ ቡድኑም ኒው ካናዲያን ኤር ፎርስ የሚል ስም ወጣለት።

የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር። የስኪ ኋላው ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ ማረፍ አይቻልም፤ በረዶው ውስጥ ይተከላል። ኋላውም እንደ ፊቱ የተቆለመመ ስኪ እንዲሠራላቸው ሐሳባቸውን ይዘው የኩባንያ በር አንኳኩ። ብዙዎቹ አልሰሟቸውም፤ የፈረንሳዩ ሳሎሞን ሰማ። በ1998 ቴን ኤይቲ የተባለው ስኪ ለገበያ ቀረበ። 1080 የሚለው ቁጥር በአየር ላይ ሦስት ሙሉ ዙር መዞርን ያመለክታል። ወደ ኋላ መነሣትና ወደ ኋላ ማረፍ ሲቻል ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ሆነ። በ2002 ኦክሌርን ጨምሮ የተወሰኑ ስኪ ተጫዋቾች አርማዳ የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ለማስታወቂያ ፊታቸውን ይሰጡ የነበሩት ባለቤቶች ሆኑ።

ባህሉ ከተራራም ወረደ። ሰፊ ሱሪና ረጅም ሹራብ የለበሱ ልጆች ሂፕሆፕ እየሰሙ የትምህርት ቤት ደረጃ፣ የቤተ መጻሕፍት መደገፊያ ብረት፣ የድልድይ ግንብ ላይ መንሸራተት ጀመሩ። ካሜራው የማያሳየው ከዚያ በፊት ያለውን ድካም ነው። ሌሊቱን በሙሉ ጓደኛሞች በአካፋ በረዶ ዝቀው መነሻና ማረፊያ ይሠራሉ፤ የመንገድ መብራት ካልበቃ ጄኔሬተር ያስነሣሉ፤ ፍጥነት ካነሰ በገመድ መጎተቻ ይጠቀማሉ። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የጥቂት ሰከንድ ምስል ነው፤ ያውም ካልተሳካ ተነሥቶ እንደገና ነው። ኦክሌር በ2011 በወጣው «ኦል አይ ካን» ፊልም ውስጥ በካናዳ ትንንሽ ከተሞች ጎዳና፣ ግቢና ጣሪያ ላይ እየተንሸራተተ ያለፈበት ክፍል እስከ ዛሬ በዚህ ዘውግ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ዳኛው ግን ተከትሏቸው መጣ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ካናዳዊቷ ሣራ በርክ ሴቶች በሃፍፓይፕ፣ ማለትም እንደ ግማሽ ቱቦ በተሠራ የበረዶ ሰርጥ ውስጥ እንዲወዳደሩ፣ ሃፍፓይፑም ኦሊምፒክ እንዲገባ ለዓመታት ታገለች። ውሳኔው በ2011 ተሰማ። እርሷ ግን በጃንዋሪ 2012 ዩታ ውስጥ ልምምድ ላይ ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። በ2014 በሶቺ ሃፍፓይፕና ስሎፕስታይል የተባለው የመዝለያና የሃዲድ ጨዋታ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኑ፤ በ2022 በቤጂንግ ቢግ ኤር የተባለው የትልቅ ዝላይ ውድድር ተጨመረ። ቻይናን ወክላ የተወዳደረችው አይሊን ጉ በዚያው በቤጂንግ ሁለት ወርቅና አንድ ብር ወሰደች። አንዳንዱ ነባር ፍሪስኪ ተጫዋች «ከደንብ ሸሽተን መጣን፣ ደንቡ ተከትሎን መጣ» እያለ ያዝናል። ለበርክ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ወንዶቹ ከውድድር መውጣትን ነጻነት ሲሉ እርሷ በውድድሩ ውስጥ ቦታ አልነበራትም፤ የሴቶች ስም በደንቡ ላይ እንዲጻፍ መታገል ነበረባት።

የሆካይዶ በሮች

ጃንዋሪ ሲገባ ዱቄት አሳዳጁ ፊቱን ወደ ጃፓን ያዞራል። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅ ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከማል፤ ሆካይዶ ደሴት ላይ ያሉትን ተራሮች ሲነካ ያራግፈዋል። በደሴቲቱ ላይ ባለው የስኪ ሥፍራ በኒሴኮ በአንድ ወቅት 15 ሜትር ገደማ በረዶ ይወርዳል። የሚገርመው ተራራው አጭር መሆኑ ነው፤ አንኑፑሪ የሚባለው ጫፍ 1,308 ሜትር ብቻ ነው፣ ከአዲስ አበባ በእጅጉ ዝቅ ይላል። በረዶውን የሚያመጣው ከፍታው ሳይሆን ነፋሱና ባሕሩ ናቸው። አገሩን በመኪና ሲያቋርጡ በመንገዱ ዳር ረጃጅም ምሰሶዎች ይታያሉ፤ ከምሰሶው አናት ቀይና ነጭ ቀስት ወደ ታች ያመለክታል። ትርጉሙ «የመንገዱ ጠርዝ እዚህ ነው» ነው፤ ያለዚያ በረዶ የሚጠርገው ሾፌር አስፋልቱን ከእርሻው መለየት አይችልም።

ጃፓን ስኪን የተማረችው በ1911 ቴዎዶር ፎን ሌርች ከተባለ የኦስትሮ-ሃንጋሪ መኮንን ነው። በማግስቱ ዓመት ሌርች ወደ ሆካይዶ ተሻግሮ ከኒሴኮ ፊት ለፊት የቆመውን 1,898 ሜትር የዮቴ እሳተ ገሞራ በስኪ ወጣ። ከ2000 ወዲህ አውስትራሊያውያን ቦታውን አገኙት፤ ተከትሎ ዓለም መጣ። የገበሬ መንደር የነበረው ሥፍራ የመሬት ዋጋው ሰማይ ነካ፤ የምግብ ቤቱ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ሆነ። የአገሩ ሰው ያልተወው ነገር ቢኖር ማታ ማታ ከመሬት በሚፈልቅ ፍል ውሃ ተዘፍቆ ድካሙን ማውጣቱን ነው፤ እንግዳውም ይህን ፈጥኖ ለመደ።

ኒሴኮ ለዚህ ባህል ያበረከተው ትልቁ ነገር ግን በር ነው። ድሮ ከሊፍቱ ክልል ገመድ ውጭ መውጣት ክልክል ነበር፤ ሰው ግን ገመዱን ሾልኮ እየወጣ በናዳ ይሞታል። የአካባቢው ሰዎች ክልከላው ሞትን እንዳላስቀረ ሲያዩ የኒሴኮ ደንብ የሚባለውን አወጡ። በተራራው ጫፍ ዙሪያ ቁጥር ያላቸው በሮች አሉ፤ በየማለዳው ነፋሱና በረዶው ተመዝኖ የሚከፈተውና የሚዘጋው ይለያል። በተከፈተ በር መውጣት የማንም መብት ነው። በተዘጋ በር ወይም በገመድ ሥር የወጣ የሊፍት ፈቃዱን ይነጠቃል። ለነጻነት የሚሟገት ማንኛውም ስኪ ተጫዋች ኒሴኮ ደርሶ በተዘጋ በር ፊት በትዕግሥት ሲሰለፍ ማየት የተለመደ ነው። ደንቡን የሚያከብረው ለምን እንደተጻፈ ስለሚያውቅ ነው።

አሥራ አምስት ደቂቃ

የበረዶ ናዳ አመጣጡ ቀስ በቀስ ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ በረዶ ይወርድና ብርዱና ጥራቱ ለሳምንታት ይቀጥላል። ከሥር ያለው መሬት ሞቅ ያለ፣ ከላይ ያለው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ የታችኛው በረዶ ቅርጹን ይለውጣል፤ እርስ በርሱ የማይያያዝ፣ እንደ ሻካራ ስኳር የሚፈስ ፍሬ ይሆናል። ከዚያ ከባድ በረዶ ይወርድበታል፤ ነፋስም ይጠቀጥቀዋል። ከላይ ሲታይ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያምር ተዳፋት ነው። ከሥር ግን መሠረቱ የላላ ነው። የሰው ክብደት ሲያርፍበት ላዩ እንደ ሰሌዳ ይሰነጠቅና ሁሉም አብሮ ይሄዳል። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ነው፤ ለስኪ የሚመረጠውም ልክ ያው ነው። ሰው ከሚሞትባቸው ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሰው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ ከክልሉ የሚወጣ ሰው ሦስት ዕቃ ይይዛል፦ ቢኮን፣ መፈተሻ ዘንግና አካፋ። ቢኮን ደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ነው፤ በዓለም ሁሉ በአንድ ሞገድ፣ በ457 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት የቡድኑ መሪ የራሱን መሣሪያ በመቀበያ አድርጎ ይቆማል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ በፊቱ ሲያልፉ ድምፁን ይሰማል። ድምፅ ያላሰማ አይሄድም። ሰው ሲቀበር ደግሞ ከናዳው ያመለጡት መሣሪያቸውን ከመላክ ወደ መፈለግ ይቀይራሉ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ርቀት ዝቅ እያለ ሲመጣ ይንበረከኩና ቢኮኑን በረዶው ላይ አስጠግተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጎተቱ ትንሹን ቁጥር ያገኛሉ። ከዚያ ዘንጉን ከትንሹ ቁጥር ጀምረው ዙሪያውን ይወጋሉ፤ ሰው ሲነካ እንደ መሬት ወይም እንደ ድንጋይ አይጠነክርም፣ ለስለስ ይላል። ዘንጉን እዚያው ይተዉታል፤ ከዘንጉ ሳይሆን ከተዳፋቱ ታች በኩል መቆፈር ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ አዳኝ የሚባለው ከጎን ያለው ጓደኛ ነው።

ዕቃው ግን ከውሳኔ አይቀድምም። በፌብሩዋሪ 19፣ 2012 በዋሽንግተን ግዛት ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ ተነል ክሪክ በተባለ ተዳፋት ልምድ ያካበቱ ሰዎች ቡድን ወርዶ ሦስቱ በናዳ ሞቱ። የኒው ዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጆን ብራንች ታሪኩን በዝርዝር ጽፎ በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ከዘገባው ሙያተኞቹ የተማሩት ስለ ሰው እንጂ ስለ በረዶ አልነበረም፦ ከመካከላቸው የሰጉ ነበሩ፣ ነገር ግን ከሌላው አዋቂ ፊት ስጋቱን ጮክ ብሎ መናገር ከበዳቸው። ዛሬ በናዳ ኮርሶች የሚሰጠው አንድ መመሪያም ይህንኑ ይመለከታል፤ ከቡድኑ አንድ ሰው «እኔ አልወድም» ካለ ሁሉም ይመለሳል፣ ምክንያቱንም አይጠየቅም።

ዋጋው ከባድ መሆኑን የባህሉ ስም ዝርዝር ራሱ ይናገራል። የገደል ስኪ ሻምፒዮን የነበረው ዳግ ኩምስ በ2006 በፈረንሳይ ላ ግራቭ ውስጥ የወደቀ ጓደኛውን ለመርዳት ሲሞክር ሞተ። ማኮንኪ በማርች 2009 በጣሊያን ዶሎሚቲ በስኪ ከገደል ዘሎ በፓራሹት ለመውረድ ሲሞክር ሕይወቱ አለፈ። ኦክሌርም በ2014 ቺሊ ውስጥ ከስኪ ባልደረባው ከአንድሬያስ ፍራንሰን ጋር በናዳ ሞተ። እነዚህ ጀማሪዎች አልነበሩም፤ ለዚህም ነው ወጣቶቹ ስማቸውን ሲጠሩ ከፉከራ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሰማው።

የማርች ገደሎች

ማርች የትልልቅ ገደሎች ወር ነው። በስዊዘርላንዷ ቬርቢየ 3,223 ሜትር ከፍታ ያለው ቤክ ደ ሮስ ላይ ከ1996 ጀምሮ ውድድር ይደረጋል፤ በ2008 የተመሠረተው ፍሪራይድ ወርልድ ቱርም ፍጻሜውን እዚያ ያደርጋል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ውድድሩን በ2022 ጠቀለለው። አትሌቶቹ ገደሉን አስቀድመው አይለማመዱበትም። ከፊት ለፊት ቆመው በመነጽር ያጠኑታል፤ የትኛው ድንጋይ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል በጭንቅላታቸው ይገለብጡታል። ከጫፉ ሲነሡ ግን ከእግራቸው በታች የሚታያቸው አፋፍ ብቻ ነው። ዳኞቹ የመረጡትን መስመር፣ አወራረዱ መቆራረጥ አለመቆራረጡን፣ ቁጥጥሩን፣ ዝላዩንና ስልቱን ያያሉ። የተዘጋጀ ምሰሶም የተሠመረ መንገድም ስለሌለ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ውድድር አይወዳደርም።

በዚያው ወር አላስካ ቫልዴዝ ላይ ሄሊኮፕተሮች ይጠብቃሉ። ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ በረዶ ሌላ ቦታ በማይጣበቅበት ቁልቁለት ላይ ስለሚለጠፍ በምድር ላይ ከሚገኙት እጅግ ቀጥ ያሉ የዱቄት ግድግዳዎች እዚያ አሉ። በ1991 የመጀመሪያው የዓለም ኤክስትሪም ስኪ ሻምፒዮና ሲደረግ ያሸነፈው ዳግ ኩምስ ነበር፤ ከባለቤቱ ከኤሚሊ ጋርም ስኪ ተጫዋቾችን በሄሊኮፕተር ወደ ተራራ ወስዶ የመምራት ሥራ እዚያ ጀመሩ። ፊልሙ የሚያሳየው መውረዱን ነው። አብዛኛው የአላስካ ጊዜ ግን የሚያልፈው ደመና እስኪገለጥ በካርታ ጨዋታ፣ በምግብ ማብሰልና በስኪ ስለት ሞረዳ ነው። ሳምንት ከፍሎ ሁለት ቀን ብቻ የበረረ ሰው «ጥሩ ወቅት ነበር» ብሎ ይመለሳል።

አዲሱ አጥር

ተራራው ለሁሉም እኩል ቢሆንም በሩ እኩል አይደለም። ኮሎራዶ ውስጥ በቬይል በበዓል ሰሞን የአንድ ቀን ትኬት ከ300 ዶላር ያልፋል። በ2008 የመጣው ኤፒክ ፓስና በ2018 የመጣው አይኮን ፓስ ደግሞ ወቅቱ ሳይገባ ለገዛ ሰው ብዙ ተራሮችን በአንድ ካርድ ይከፍታሉ፤ ደጋግሞ ለሚሄድ ረክሷል፣ አንድ ቀን ልሞክር ለሚል ተወድዷል። ዩታ ውስጥ ፓውደር ማውንቴን የተባለውን ተራራ ከኔትፍሊክስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሪድ ሄስቲንግስ ተረክቦ ከሊፍቶቹ የተወሰኑትን እዚያ ቤት ለገዙ ብቻ አደረጋቸው። ፓርክ ሲቲ ላይ ደግሞ ከዲሴምበር 27፣ 2024 ጀምሮ ወደ 200 የሚጠጉ የተራራ ጥበቃ ሠራተኞች በደመወዝ ጉዳይ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ አቆሙ። የሰዓት መነሻ ክፍያቸው ከ21 ወደ 23 ዶላር እንዲያድግ ነበር የጠየቁት። በዓመቱ ትልቅ በዓል ብዙው ተዳፋት ሳይከፈት ቀረ፤ እንግዳው በሰልፍ ቆሞ ማለዳ ፈንጂ የሚያፈነዳለት ማን እንደሆነ ያኔ አወቀ።

ይህ ዓለም የነጭ ሀብታም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የታገሉ አሉ። ናሽናል ብራዘርሁድ ኦፍ ስኪየርስ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ክለቦች ኅብረት በ1973 አስፐን ላይ ተሰባስቦ ተጀመረ፤ ዛሬም በየጊዜው በሺህ የሚቆጠር ሰው ይዞ ተራራ ያጥለቀልቃል። ከእኛ ወገን ሮቤል ተክለማርያም ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ስኪ ተማረ፤ በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ተሰልፎ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፣ በ2010 ቫንኩቨርም ተመለሰ። የእርሱ ስኪ ከፍሪስኪ የተለየ ነው፤ ነገር ግን በዴንቨርና በአውሮራ ከመስኮቱ የሮኪ ተራሮችን እያየ ለሚኖር ሐበሻ በሩ የማይከፈት እንዳልሆነ ያሳያል። ለመሞከር የሚፈልግ ቢኖር ትኬቱን ወቅቱ ሳይገባ በጥቅምት ይግዛ፣ ስኪና ጫማውን ይከራይ፣ የመጀመሪያውን ቀን ከጓደኛ ሳይሆን ከአስተማሪ ጋር ያሳልፍ። ዱቄቱ እስኪመጣ ድረስ ጠንካራው በረዶ በቂ አስተማሪ ነው።

የማይታዘዘው

ሻሞኒ ውስጥ ከ3,842 ሜትሩ ኤጊዩ ዱ ሚዲ ጫፍ ተነሥቶ በቫሌ ብላንሽ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድ ሰው መጨረሻው ላይ ሜር ደ ግላስ የተባለው የበረዶ ግግር ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ባቡሩ ለመውጣት ደረጃ አለ። ግግሩ በሙቀት ምክንያት እየሟሸሸ ዝቅ ባለ ቁጥር ከታች ደረጃ ይጨመራል፤ ቁጥሩ ከ500 አልፎ ነበር። በ2024 ግግሩ ወደሸሸበት ወደ ላይ ራቅ ብሎ አዲስ የገመድ መጓጓዣ ተከፈተ። ዝቅ ያሉ የአልፕስ መንደሮች በጃንዋሪ ዝናብ ያያሉ፤ ሊፍታቸውን ለዘለዓለም የዘጉም አሉ። ዱቄት አሳዳጁ ራሱ ከአህጉር አህጉር በአውሮፕላን እየበረረ፣ በሄሊኮፕተር ተራራ እየወጣ ለዚህ ሙቀት የበኩሉን ማዋጣቱ ከባህሉ ውስጥ በግልጽ የሚነሣ ክርክር ሆኗል። አንዳንዱ ሄሊኮፕተሩን ትቶ ከስኪው ሥር ፀጉራም ጨርቅ ለጥፎ በእግሩ ይወጣል፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ይወርዳል። ሌላው በአቅራቢያው ያለውን ተራራ ይዞ በረዶው እስኪመጣ ይጠብቃል።

የናዳውን ደንብ ይህ ባህል ተምሮታል፤ በሩ ሲዘጋ ይቆማል፣ ጓደኛው ሲሰጋ ይመለሳል፣ ፍንዳታው እስኪያልቅ በመስኮት ያያል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢጠብቀው የማይጠቅመው የሙቀቱ ደንብ ነው። ከዳኛ ለመሸሽ ተራራ የወጡት ሰዎች ልጆች በመጪዎቹ ዓመታት ጉባኤና ምክር ቤት ገብተው ስለ በረዶ መሟገት ሳይኖርባቸው አይቀርም። የጄፒ ኦክሌር ትውልድ ስኪውን ለመለወጥ የኩባንያ በር አንኳኩቷል፤ የእነርሱ ልጆች የሚያንኳኩት በር ከዚያ የሚከብድ ነው፤ ባይከፈትላቸው የሚያጡት ግን የጨዋታውን መሣሪያ ሳይሆን ጨዋታውን ራሱን ነው።